«ትምህርት ቤት አስገባታለሁ»

በአገራችን ከሚሰጡት የተስፋ ቃሎች ሁሉ ከዚህ ርዕስ የበለጠ ለመናገር የቀለለ፣ ከዚህም የበለጠ የታጠፈ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቃሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በበዓል ሰሞን ነው። ከከተማ የሄደች ዘመድ ወይም የዘመድ ጎረቤት ባላገር ቤት ታርፋለች። ቡና ይፈላል። ከልጆቹ መካከል ነቃ ያለችው ተጠርታ «ስንት ዓመቷ ነው?» ይባላል፤ «ለጥምቀት ዘጠኝ ይሞላታል» ወይም «አሥር ሳይሆናት አይቀርም» የሚል መልስ ይመጣል። እንግዳይቱም «እስቲ ስጡኝ፤ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ፤ እኔንም በትንሽ በትንሹ ታግዘኛለች» ትላለች። አባት አንገቱን ይደፋል፤ እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ልጂቱ ግን ደስ ይላታል። ደስ የሚላት ስለ ትምህርት ቤቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከእናንተ መካከል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። «በትንሽ በትንሹ» የተባለው ሥራ ገና ሳይነጋ ይጀምርና የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ያበቃል። ትምህርቱ «ለመስከረም» ይባላል። መስከረም ሲጠባ «ምዝገባው አመለጠን» ይባላል። በሁለተኛው ዓመት «ሕፃኑ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ይመጣል፤ በሦስተኛው «አሁንማ አድጋለች፤ ከእነዚያ ጩጬዎች ጋር አንደኛ ክፍል ልትቀመጥ ነው እንዴ?» ይከተላል። እንዲህ እየተባለ አንዲት ልጅ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳትቀመጥ 15 ዓመት ይሞላታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ትምህርት ቤት ያልላከ ሰው የነሣት ፊደልን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስክር ነው የነሣት። ይህን አሳብ ላስረዳ።

ስለ ሕፃናት መበደል በመካከላችን ንግግር በተነሣ ቍጥር ወሬው የሚያዘነብለው ወደ ጎዳና ነው። አስፋልት ዳር ስለሚያድሩት፣ ሎተሪ ስለሚያዞሩትና ጫማ ስለሚጠርጉት እንነጋገራለን። ታናናሾቻችንንም ስንመክር «የማታውቀው ሰው ከረሜላ ቢሰጥህ እንዳትቀበል» እንላለን። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በሚገባ የሚያውቀው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ወይም በቤቱ የሚከበር ሰው መሆኑን በየአገሩ ነገሩን የመረመሩ ሁሉ ይስማሙበታል። የጎዳናውን ልጅ ቢያንስ መንገደኛ ያየዋል። ማጀት ያለችውን የሚያዩዋት ግን ሊበድሏት የሚችሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከጋሞ ደጋ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሽመና መጥተው ከጉድጓዱ ሳይወጡ የሚመሽባቸው ወንዶች ልጆችም ዕጣቸው ከዚሁ አይርቅም።

ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ የቀኑን እኩሌታ በአንድ መምህርና በአርባ በሃምሳ ጓደኞች ዓይን ፊት ትውላለች። ክንዷ ቢያብጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ታያለች። ሁለት ቀን ብትቀር ስም ሲጠራ «የለችም» ይባላል፤ ለምን እንደሌለችም የሚጠይቅ ይገኛል። ማጀት የቀረችው ልጅ ግን ስሟን የሚጠራ መዝገብ የላትም። ብትታመም፣ ብትደበደብ፣ ከቤቱ ብትጠፋ እንኳ አለመኖሯን የሚያውቀው ያው ቤት ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት በተከራየሁበት ግቢ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ነበረች። የምትሸከመው ጀሪካን ወገቧ ላይ ይደርስ ነበር። ዕድሜዋን ብጠይቃት ወደ በሩ ዘወር ብላ አየችና «እትዬ ዐሥራ ስምንት በይ ብለውኛል» አለችኝ።

ይህች አጭር መልስ ብዙ ነገር ያዘለች ናት። እትዬ ሕግ መኖሩን ያውቃሉ ማለት ነው! የሕዝብ አለማወቅ ነው፣ ልማድ ነው፣ ትምህርት ሲስፋፋ ይቀራል እያልን የምናመካኝላቸው ሰዎች ዐሥራ ስምንት የሚለው ቍጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ጠንቅቀው ያውቁታል። ቍጥሩን የሚያስተባብል ወረቀት አለመኖሩንም ያውቃሉ። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት የባላገር ልጆች አብዛኞቹ የዕድሜያቸው ማስረጃ የእናታቸው ትዝታ ነው። እናትየዋ ደግሞ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው።

ሕጉስ ምን ይላል? በፊርማ በኩል ማንም አይወቅሰንም። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በሐምሌ 1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። የዓለሙን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር (በዚያ ጭንቅ ውስጥ ስለ ሕፃናት ያስታወሰ ሰው መኖሩ ራሱ ይገርመኛል)። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጹ ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን በሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ደንግጓል።

ነገሩ የሚበላሸው ማጀቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ማሠራትን አይፈቅድም። ያማረ ሕግ ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከክልሉ ውጭ አድርጎታል። እንግዲህ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ብስኵት ፋብሪካ ብትቀጠር ሰዓቷ ይቈጠርላታል፤ ያንኑ ብስኵት በሳሕን አድርጋ ለእንግዳ የምታቀርበዋ ልጅ ግን ሰዓት የላትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪ በቤቱ የሚያድረውን ሠራተኛ ስለ መኝታው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዕረፍቱ እንዲጠነቀቅለት ያዝዛል። ይሁን እንጂ ያን አንቀጽ ይዛ ዳኛ ፊት የቆመች የ12 ዓመት ልጅ ያየ ማን ነው?

የወንጀሉ ሕግ ይሻላል እንዳትሉ እርሱንም ልጥቀስ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ576ኛው አንቀጽ፣ ልጅ እንዲጠብቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል ይላል። ከባድ ጉዳት ካልደረሰ በቀር ሦስት ወር ነው። ከዚያው ቤት ወርቅ የሰረቀ ሰው እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል! አንቀጹ በዚህ አላበቃም፤ ለማረም ተብሎ የሚደረግ ተገቢ ቅጣት በዚህ ድንጋጌ እንደማይሸፈን አክሎ ይናገራል። ተገቢው ስንት አለንጋ ነው? በጠጠር ላይ ማንበርከክ ተገቢ ነውን? ጭን ቆንጥጦ ማዞርስ? በር ዘግቶ በርበሬ ማጠንስ? ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤትና ልጅ በሚያሳድጉ ተቋሞች ውስጥ አካልን የሚነካ ቅጣት ከልክሏል፤ ስለ ቤት ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ በርበሬው ቤት ውስጥ ይታጠናል።

በዚህ ላይ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «በትር ከገነት ወጣች» የሚለውን ብሂል ጠቀሰብኝ። ከገነት መውጣቷንማ እኔም አምናለሁ፤ እዚያ ቦታ ቢኖራት ኖሮ ለምን ትወጣ ነበር? «እኛም ተገርፈን ነው ለዚህ የበቃነው» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች የዘነጉት አንድ ልዩነት አለ። እናት የገዛ ልጇን ብትመታ፣ ማታ ስታበላው በጉርሻ ትታረቀዋለች። ማጀት ያለችውን ልጅ ግን ማን ይታረቃታል? በትሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ከበትሩ በኋላ ያለው ሌሊት አንድ ዓይነት አይደለም። ስዊድን በ1971 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1979) በቤት ውስጥም ልጅ መምታትን በሕግ ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። አዋጁን በጋዜጣ አውጥታ ብቻ አልተወችውም፤ በየቤቱ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው የወተት ካርቶን ላይ አሳተመችው። እኛ ዘንድ የ576ኛውን አንቀጽ ወሬ ማጀት ድረስ የሚያደርስ ካርቶን ገና አልተገኘም።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል እመጣለሁ። ይህች ልጅ የት ትተኛለች? በብዙ ቤት መልሱ ኩሽና፣ ወይም ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ሥር የተነጠፈ ፍራሽ ነው። የሚቈለፍ በር የላትም። በዚያ ቤት ሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚጠጣ የቤቱ ጌታ አለ፤ ለሳምንት መጥቶ ወር የሚቈይ አጎት አለ፤ የቤቱ ልጅም አለ። የቤቱ ልጅ ማለት ደግሞ ሃያ ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው የደረሰ፣ ኮሌጅ የገባ፣ እንደኔና እንዳንተ ያለ ሰው ነው። በማደሪያችን ስለ «ሠራተኛይቱ» የሚወራውን ቀልድ ሁላችንም ሰምተናል። ያ ቀልድ በአንዳንዱ ላይ ቀልድ አለመሆኑን የምናውቀውም በቀልዱ ማብቂያ ላይ ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው።

ስለዚህ በግልጽ ይነገር። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በ626ኛው አንቀጽ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ በ627ኛው አንቀጽ ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። «ወዳ ነው» የሚለው መልስ አያድነውም። ተበዳይዋ የቤት ሠራተኛው ወይም በእርሱ ሥር የምታድር ከሆነች ሕጉ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ነገሩ ሲታወቅ በመጀመሪያ የምትባረረው ልጂቱ ናት። አርግዛ ከሆነም ቶሎ ትባረራለች። ወላጅ ከተገኘ ሽማግሌ ይሰበሰባል። እኔ ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ የድንበርን ጠብና የባልና ሚስትን ኩርፊያ ስንት ፍርድ ቤት ያልቻለውን ሲያበርድ አይቻለሁ። ሆኖም በሕፃን ላይ የደረሰን ጥቃት ለመዳኘት ሲቀመጥ የሚታረቁት ሁለት አባቶች ናቸው። ልጂቱ በዚያ ሸንጎ ውስጥ የለችም፤ ካሳውም በእጇ አይገባም። «የቤት ገመና ነው» ይባላል፤ ገመናው የሚሸፈነው ግን በማን ላይ ነው? በዚያ ላይ ይህ ወንጀል በእርቅ የሚዘጋ አይደለም።

እርግጥ ለሁለቱም ወገን ፍርድ መስጠት ይገባል። «ባላገር ከምትቀር ይሻላታል» የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከ100ው 40 ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንደተዳሩ አሳይቷል። ከዚያ ጋብቻ ሸሽታ አውቶቡስ ተራ የወረደች ልጅ ትክክል አድርጋለች። ቃላቸውን የጠበቁ ቤቶችም አሉ፤ የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ። እንዲያ ያደገ ከመካከላችን አይታጣም፤ ማን መሆኑን ባናውቅም በፈተና ውጤቱ ሳይበልጠን አይቀርም። ልማዱን በጠቅላላው አጥፉት አልልም። ደጉን ቤት ከክፉው የሚለየው ግን የእመቤቲቱ ጸባይ ወይም የልጂቱ አዲስ ቀሚስ አይደለም። ጠዋት ደብተር ይዛ ከበር መውጣቷ ነው።

የአረብ አገሩን ነገር ደግሞ አስቡት። በ2012 ዓ.ም. ቤሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ስንት ጮኽን! ፓስፖርቷን ነጠቋት፣ ደመወዟን ከለከሏት፣ በሩን ቈለፉባት ብለን ተቈጣን። ቍጣው ተገቢ ነበር። ከእነዚያ እኅቶች ብዙዎቹ ግን የተቈለፈ በርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ቤሩት ላይ አይደለም። ደመወዟ «ለእናትሽ ይላካል» እየተባለ በእጇ የማይገባ፣ ከግቢ ወጥታ ጎረቤት እንዳታነጋግር የተከለከለች ልጅ በእኛ ከተማ ሞልታለች። ፓስፖርት የማይነጥቋት ስለሌላት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባላገሩን ለማስተማር ያልዘመተበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። ፊደል ተሸክመን ስንት ቀን በእግር ወደ ባላገር ሄድን፤ ከባላገር የመጣችው ልጅ ግን ሸሚዛችንን እያጠበች እዚያው ከኋላችን ቀረች። ወደ እርሷ ለመዝመት ስንቅ እንኳ አያስፈልግም።

ይህ የሚቻል ነገር መሆኑን በከተማችን ያየነው አለ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ሥራ ከትምህርት ውጭ ያሉ ልጃገረዶችን የፈለገው በማስታወቂያ አልነበረም። የሰፈሩን ሴቶች አሠልጥኖ ቤት ለቤት አሰማራ። እነርሱም በር አንኳኩተው አሠሪይቱን በመልካም ቃል አነጋግረው ልጂቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ወጥታ ከእኩዮቿ ጋር ፊደልም ሌላም ነገር እንድትማር ያስፈቅዱ ነበር። ዋናው ጥበብ ያ ማንኳኳት ይመስለኛል። የሚያንኳኳ ሰው እንዳለ የሚያውቅ ቤት አለንጋውን ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ዘመድ ቤት ስንሄድ፣ ቤት ስንከራይ፣ ጓደኛችን ዘንድ ስንጋበዝ፣ ቡና ያቀረበችልንን ልጅ በስሟ ጠርተን «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» እንበላት፤ የቤቱ ሰው እየሰማ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ለቤቱ ልጅም የምንጠይቀው ነው። የሚያፍር ካለ ይፈር። ከእናቷ ጋር በስልክ መነጋገር መቻሏን፣ ደመወዟ በእጇ መግባቱን፣ የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ መቈለፉን ማወቅም ከባድ ሥራ አይደለም። ወንድ ተማሪዎች ያን ቀልድ ሲሰሙ ባይስቁ ደግሞ ከማንኛውም ሰልፍ የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

ጉዳት መድረሱን የጠረጠረ ሰው «አላየሁም፣ ምስክር መሆን አልችልም» ብሎ እንዳይመለስ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ገና በ11ኛው አንቀጹ ወንጀሉ ሲፈጸም ያየም ያላየም ሰው ማመልከት እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሕፃናት ጉዳይ ክፍሉን መጠየቅ ነው። አስገድዶ መድፈር ከሆነ ግን ሽማግሌም ዘመድም ሳይጠበቅ በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ይደረስ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም፤ የሕክምና ማስረጃውም በየሰዓቱ ይጠፋል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል ተቋቁሟል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ልጅ ከተከሳሹ ጋር ሳይተያይ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚመሰክርበት ችሎት አለ። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ በየትምህርት ክፍላቸው ያሉትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች ለዚህ ጉዳይ እንዲከፍቱ እጠይቃለሁ፤ ስለ ውል ሕግ ከሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ያስተምራቸዋል።

ይህን አንብቦ «የእኛ ቤቷ ልጅ ግን እንደ እኅታችን ናት» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ደስ ይለኛል። ክረምቱ ሳያልቅ ቤቱ ሄዶ እኅቱ የተመዘገበችበትን ትምህርት ቤት ስምና እርሷ የተመዘገበችበትን ትምህርት ቤት ስም ጎን ለጎን ይጻፋቸው። የሁለተኛው መስመር ባዶ ከሆነ የቀን ትምህርት ምዝገባው ነሐሴ ሳያልቅ ይደረስበታል፤ የልደት ወረቀት የላትም ብሎ የሚመልስ ርእሰ መምህር ቢያጋጥመውም አንድ ቀን ወስዶ ከቀበሌ እስከ ወረዳ አብሯት ይሂድ።